ለሠፈር ጉዞም ሄልሜት ያስፈልጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከእግረኛው መንገድ ጎን በቀለም የተለየ የብስክሌት መስመር ማየት የተለመደ ሆኗል። መስመሩ ሲመጣ ነጂውም መጣ። ሥራ ለመሄድ ሳይክል የሚይዙ ሰዎች ከድሮው በዝተው ይታያሉ። ከነሱ ጋር አንድ ክርክርም አብሮ መጣ፤ ሄልሜት የግድ ነው ወይ?

አንዱ "አምስተርዳም ውስጥ ማን ሄልሜት ያደርጋል?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው "አውስትራሊያ ውስጥ ያለ ሄልሜት ከነዳህ ትቀጣለህ" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሰውን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚታሹ ይመስለኛል። አንደኛው፣ አንድ ሰው ሲወድቅ ሄልሜት ጭንቅላቱን ያድነዋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው እንዲያደርግ በሕግ ማስገደድ ለከተማ ይጠቅማል ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሱ አዎ ነው። ለሁለተኛው ግን ማስረጃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። አንዱን መልስ ይዞ ሌላውን ጥያቄ ለመመለስ ሲሞከር ነው ጠብ የሚመጣው።

የሚያድነው ከፕላስቲኩ ሥር ያለው ነው

ሄልሜት፣ በአማርኛ የራስ ቁር የሚባለው፣ በጥንካሬው የሚከላከል ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ከስሱ ፕላስቲክ ሥር ያለው ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ዙሪያውን የሚደገፍበት ነጭ ነገር ዓይነት፣ ጠጠር ያለ ብቻ። ፖሊስታይሪን ይባላል። ጭንቅላት አስፋልት ሲመታ ይህ ፎም ይጨፈለቃል። ጭንቅላቱም በአንዴ ቀጥ ከሚል ይልቅ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይቆማል። በዓይን አይታይም እንጂ ለአንጎል ትልቅ ልዩነት ነው። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ የተከበበ ለስላሳ አካል ነው። ራስ ቅሉ ድንገት ሲቆም አንጎሉ ጉዞውን ይቀጥልና ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። ሄልሜት ይህን መላተም ያለዝበዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አንድ ከባድ አደጋ ያየ ሄልሜት፣ ከውጭ ምንም ባይታይበትም፣ ሥራውን ጨርሷል።

ምን ያህል ግጭት ይችላል? አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ የብስክሌት ሄልሜት ኢኤን 1078 የሚባል መስፈርት ማለፍ አለበት። ሲፈተን የጭንቅላት ቅርጽ ባለው ነገር ላይ ይጠለቅና ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጣላል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአሜሪካው መስፈርት ከፍታው 2 ሜትር ነው። ልብ በሉ፣ 1.5 ሜትር ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ፈተናው የተዘጋጀው ወድቆ መሬት መምታትን አስቦ ነው፤ በፍጥነት የሚበር መኪና መግጨቱን አስቦ አይደለም።

ከዚህ ተነስተው "እንግዲያው መኪና ከገጨህ ምንም አይጠቅምም" የሚሉ አሉ። ይሄም ልክ አይደለም። መኪና ብስክሌተኛን ሲገጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመታው እግሩን ወይም ሳይክሉን ነው። ጭንቅላቱ የሚመታው ቀጥሎ ነው፤ ኮፈኑን፣ መስታወቱን ወይም አስፋልቱን። ጭንቅላቱ ያረፈበት ፍጥነት ከመኪናው ፍጥነት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፎሙ ሊያድን ይችላል። መኪናው በጣም ፈጣን ከነበረ ወይም ጎማው ሰውየው ላይ ከወጣ ግን ሄልሜት ምንም አያደርግም። ደረትን፣ ሆድንና ዳሌንም አይሸፍንም።

85 በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ስለ ሄልሜት የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ "የጭንቅላት ጉዳትን በ85 በመቶ ይቀንሳል" ይላል። ቁጥሩ የመጣው ከሲያትል ነው። በፈረንጆቹ 1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የታተመ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ኬዝ ኮንትሮል ይባላል። ጭንቅላታቸው ተጎድቶ የመጡ ብስክሌተኞችን ጭንቅላታቸው ካልተጎዳ ብስክሌተኞች ጋር ማወዳደር ማለት ነው። ከየትኛው ወገን ስንቱ ሄልሜት አድርጎ ነበር? ልዩነቱ የሄልሜቱ ውጤት ተብሎ ይወሰዳል።

ዘዴው ጠቃሚ ቢሆንም ቀዳዳ አለው። ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ከማያደርገው በሌላም ነገር ይለያል። ምናልባት መብራት ያከብራል፣ ምናልባት ጠጥቶ አይነዳም፣ ምናልባት መኪና በሌለበት መናፈሻ ከልጆቹ ጋር ነው የሚነዳው። ጭንቅላቱን ሄልሜቱ አዳነው ወይስ ጥንቃቄው? ይህን መለየት ከባድ ነው። በኋላ የወጡ ጥናቶች ያገኙት ቁጥር ዝቅ ያለ ነበር። በ2013 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚንቀሳቀስ የብስክሌተኞች ማኅበር ላቀረበው አቤቱታ ምላሽ የአሜሪካ ፌዴራል ተቋማት 85 በመቶ የሚለውን ከድረ ገጻቸው አነሱት።

ይህ ማለት ግን ሄልሜት አይሠራም ማለት አይደለም። በ2016 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 40 ጥናቶችን አሰባስበው አንድ ላይ አሰሉ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሜታ አናሊሲስ ይባላል፤ የጥናቶች ጥናት እንደማለት ነው። በጥናቶቹ ውስጥ ከ64 ሺህ በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ሄልሜት ያደረጉት የጭንቅላት ጉዳት የማግኘታቸው ዕድል በ51 በመቶ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት በ69 በመቶ፣ የሚገድል የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ በ65 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሄልሜት አንገት ይሰብራል የሚለውን ስጋት የሚደግፍ ነገርም አላገኙም። ከሁለት ዓመት በኋላ በኖርዌይ የተሠራ ተመሳሳይ ስሌት ያገኘውም ተቀራራቢ ነው፤ 48 በመቶና ለከባድ ጉዳት 60 በመቶ።

እነዚህም ከኬዝ ኮንትሮል ጥናቶች የተሰበሰቡ ስለሆኑ ያ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ቢሆንም ከፎሙ አሠራር ጋር ሲታዩ አቅጣጫው ግልጽ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይዘንጋ። ቁጥሮቹ የሚናገሩት አንዴ ከወደቁ በኋላ ስለሚሆነው ነው። የመውደቅ ዕድልን ሄልሜት አይቀንስም።

"ሄልሜት ያደረገ ይደፍራል" የሚለው ክርክር

ሪስክ ኮምፐንሴሽን የሚባል ሐሳብ አለ። ሰው የተጠበቀ ሲመስለው ይደፍራል፣ ጥንቃቄውን ይቀንሳል ማለት ነው። ሐሳቡ በአሽከርካሪም ላይ ይነሳል። በ2007 ኢያን ዎከር የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ ሳይክሉ ላይ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ገጥሞ መንገድ ላይ ወጣ። ሄልሜት ሲያደርግ መኪኖቹ በአማካይ በ8.5 ሳንቲ ሜትር ቀረብ ብለው እንደሚያልፉት አገኘ። ዜናው በዓለም ተሰራጨ። ሌሎች ተመራማሪዎች በ2013 ያንኑ መረጃ እንደገና ሲያሰሉት ግን ከአንድ ሜትር ያነሰ፣ ማለትም የእውነት አደገኛ የሆነ አቀራረብ ላይ ሄልሜቱ ለውጥ አላመጣም አሉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። እኔን ሲመስለኝ ስምንት ሳንቲ ሜትር አንድን ሰው ሄልሜቱን ለማስወለቅ የሚበቃ ምክንያት አይደለም።

ሆላንድ ውስጥ ለምን ሳይደረግ ቀረ?

ሆላንድ ውስጥ በተራ ቀን ለሥራ ወይም ለገበያ ሳይክል ይዞ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ራሱን ነው። ይህን የሚጠቅስ ሰው ግን የታሪኩን መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠቅሰው።

በ1971 ሆላንድ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ወደ 3,300 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች ሰልፍ ወጡ፤ "የልጆች ግድያ ይቁም" የሚል እንቅስቃሴም ተነሳ። የነዳጅ ቀውሱም ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ በአሥርት ዓመታት ውስጥ አገሪቱ መንገዷን እንደገና ሠራች። የብስክሌቱ መስመር ከመኪናው በጠርዝ ተለየ፣ በመኖሪያ ሠፈሮች የመኪና ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር ሆነ፣ መስቀለኛ መንገዶች አሽከርካሪ ሳይወድ በግድ ቀስ እንዲል ተደርገው ተሠሩ። ሳይክሉም ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ቀስ የሚል ዓይነት ነው። አሽከርካሪውም ራሱ ብስክሌተኛ ነው፤ እናቱም ልጁም ይነዳሉ። አምስተርዳም ውስጥ የሰውየው ራስ ባዶ ቢሆንም ዙሪያው ያለው መንገድ ይጠብቀዋል።

እዚያም ቢሆን ነገሩ እየተቀየረ ነው። በ2022 ሆላንድ ውስጥ 291 ብስክሌተኞች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መስፋፋትም ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሰባ ዓመት አዛውንትን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ መንግሥቱ አሁን ሳያስገድድ ሰዎች በፈቃዳቸው ሄልሜት እንዲያደርጉ ይቀሰቅሳል። "ሆላንዶች አያደርጉም" የሚለው ክርክር በራሳቸው በሆላንዶች እየተሸረሸረ ነው።

ሕግ ሲወጣ የሆነው

አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ግዛት በ1990 ሄልሜትን ግዴታ አደረገች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ኒው ዚላንድ በ1994 ቀጠለች። ሄልሜት አድራጊው በአጭር ጊዜ በዛ። የጭንቅላት ጉዳትም ቀነሰ። ግን በሜልቦርን መንገዶች ላይ የተካሄዱ ቆጠራዎች ሌላም ነገር አሳዩ፤ በተለይ በታዳጊዎች ዘንድ ሳይክል የሚነዳው ሰው ራሱ ቀነሰ። ታዲያ ጉዳቱ የቀነሰው ሄልሜቱ ስላዳነ ነው ወይስ የሚነዳ ሰው ስለጠፋ? ድርሻ ድርሻቸው ስንት ነው የሚለው ላይ ከ30 ዓመት በኋላም ይከራከራሉ።

የነጂው መቀነስ ለምን ያሳስባል? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ጤና ነው፤ በየቀኑ መንቀሳቀስ ለልብና ለስኳር በሽታ መከላከያ ነውና ሳይክሉን የተወ ሰው የሚያጣው ነገር አለ። ሁለተኛው ብዛት ራሱ መከላከያ መሆኑ ነው። ብስክሌተኛ በበዛበት ከተማ የእያንዳንዱ ብስክሌተኛ አደጋ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪው ማየት ይለምዳልና። ሕጉ ብዙ ሰው ካስወጣ የቀሩት ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሜልቦርን በ2010 የኪራይ ብስክሌት ጀምራ በ2019 ዘጋችው። ለተጠቃሚ ማነስ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የሄልሜት ግዴታው ነበር። ሳይክሉን መንገድ ላይ መከራየት ይቻላል፣ ሄልሜት ግን ማን ይዞ ይዞራል? ሜክሲኮ ሲቲ ይህን አስቀድማ አይታ በ2010 የራሷን የኪራይ አገልግሎት ስትጀምር ግዴታውን አንስታለች።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን እንደገና ሲያትል ነው። 85 በመቶው የወጣበት አካባቢ በ1993 ሄልሜትን ግዴታ አደረገ፤ ሲያትል ከተማ በ2003 ገባችበት። በየካቲት 2022 ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ የጤና ቦርድ ሕጉን ሻረው። ሄልሜት አይጠቅምም ብሎ አይደለም፤ እንዲያውም አድርጉ ማለቱን ቀጥሏል። የሻረው ሕጉ በማን ላይ እንደሚሠራ ሲታይ ነው። ቅጣቱ ቤት አልባ ሰዎችና ጥቁር ብስክሌተኞች ላይ ከቁጥራቸው በላይ ያርፍ ነበር። ፖሊስ ሰውን ለማስቆም የሚፈልገው ምክንያት ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሲያትል የብዙ ሐበሻ ከተማ ናትና ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

እስራኤልም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በ2007 ለሁሉም ግዴታ አደረገች፤ በ2011 ከተማ ውስጥ ለሚነዱ አዋቂዎች አነሳችው። ለልጆችና ከከተማ ውጭ ለሚነዱ ግን ቀረ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለብቻው ታይቶ ግዴታው ጸንቷል። ይህ አከፋፈል ለእኔ ምክንያታዊ ይመስለኛል፤ ግዴታው የሚከተለው ፍጥነትንና ዕድሜን ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ

አዲስ አበባ አምስተርዳም አይደለችም፣ ሜልቦርንም አይደለችም። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሳይክል ለቆ የሚወርድ ሰው ሳይደክም 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊደርስ ይችላል። ይህ ሄልሜቱ ከሚፈተንበት ፍጥነት በእጥፍ ይበልጣል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ቁልቁለት የለባቸውም፤ ባጃጁ ግን አለ። መንገዱም ራሱ ይጥላል፤ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በክረምት ውኃ የሸፈነው ጉድባ፣ መስመሩ ላይ ዕቃውን የዘረጋ ጀብሎ፣ ድንገት የሚከፈት የታክሲ በር። እንዲህ ዓይነት አወዳደቅ ላይ ሄልሜት በትክክል የተሠራበትን ሥራ ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎቻችን ጥቂት ናቸው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው አምቡላንስ እስኪመጣ፣ ሲቲ ስካን እስኪነሳ፣ ሐኪም እስኪያገኝ የሚያልፈው ሰዓት ውድ ነው። ሕክምናው በራቀ ቁጥር ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከል የበለጠ ዋጋ አለው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው፣ ለሠፈር ጉዞም ቢሆን፣ ሄልሜት ያድርግ እላለሁ። ለልጅ፣ ለኤሌክትሪክ ብስክሌትና ለቁልቁለት ጭራሽ የሚያከራክር አይመስለኝም።

በሕግ ማስገደዱ ላይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ አሁን። የብስክሌት ባህላችን ገና ዳዴ እያለ ነው። ሳይክሉን እንኳ በብድር የገዛን የቀን ሠራተኛ በሄልሜት መቅጣት የሚያስከትለው አንድ ነገር ነው፤ ሳይክሉን አቁሞ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ ላይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑም አይረሳ። እግረኛም ጭንቅላቱ ይመታል። እግረኛ ሄልሜት ያድርግ የሚል ግን የለም፣ ማንም ሰው ችግሩ መኪናው ዘንድ እንዳለ ይገባዋልና። ለብስክሌተኛውም ያው ነው። 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና የያዘው ኃይል 30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሚገድል አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል። ይህን የሚያካክስ ፎም የለም።

የብስክሌት መስመሩም የሚፈተነው ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ሳይሆን መስቀለኛው ላይ ነው። ቀለሙ መገናኛው ጋ ሲደርስ ጠፍቶ ነጂውን ከሚታጠፉት መኪኖች መሀል ከጣለው፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይጠቅመውም። መስመሩ ላይ የሚቆም መኪናም እንደዚሁ፤ ነጂውን ወደ አስፋልቱ ያስወጣዋል። ለቅጣት የሚውል የትራፊክ ፖሊስ ጉልበት ካለ መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢውል ይሻላል።

ለመግዛት ላሰበ

ውስጡ ያለውን ምልክት ማየት ነው፤ ኢኤን 1078 ወይም የአሜሪካው መስፈርት ምልክት የሆነው ሲፒኤስሲ የሚል። የግንባታ ሄልሜት ለሳይክል አልተሠራም፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር ለመከላከል ነው። ሰልባጅ ሄልሜት ርካሽ ቢሆንም ከዚህ በፊት ወድቆ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም። ከቻላችሁ አዲስ ግዙ፤ ውድ መሆን የለበትም። ሚፕስ የሚባለው፣ ከውስጥ ትንሽ የሚንሸራተት ስስ ንጣፍ ያለው ዓይነት፣ ጭንቅላት ሲጠማዘዝ የሚደርሰውን ጫና ለመቀነስ የተሠራ ነው፤ ዋጋውን ግን ከፍ ያደርገዋል። ልኩ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ግንባርን መሸፈን አለበት፤ ወደ ማጅራት ከተገፋ ግንባር ባዶ ይቀራል። ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገናኝ፣ ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ቢያስገባ ይበቃል። ሳይታሰር የተደረገ ሄልሜት ገና ከመሬት ሳይደረስ ይወልቃል። ወፍራም ሹሩባ ወይም ከፍ ተደርጎ የታሰረ ፀጉር ሄልሜቱን ያንሳፍፈዋል፤ ዝቅ ተደርጎ ማጅራት ላይ ቢታሰር ይሻላል። ስስ ሻሽና ሒጃብ ግን ችግር የለባቸውም፣ ቋጠሮው ከሄልሜቱ ሥር እስካልገባ ድረስ።

የሠፈር ልጆች ጉዳይ ብቻውን መታየት አለበት። ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ሳይክል የሚለምደው በሰዓት ከሚከራይ ሰው ዘንድ ነው። ወላጅ ለማይገዛው ሳይክል ሄልሜት አይገዛም። ስለዚህ ሄልሜቱ መቀመጥ ያለበት አከራዩ ጋ ነው፤ አራት አምስት፣ በተለያየ ልክ። ወረዳውም ሆነ የመንገድ ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ሊረዱ ከፈለጉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ልጅ የሚደርሱበት ቦታ ይህ ነው። አንዱ ሄልሜት ከራስ ወደ ራስ ስለሚዞር እናቶች ላቡንና ፎረፎሩን ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ስስ ጨርቅ ወይም ኮፍያ ይዞ ቢመጣና ከሥር ቢያደርግ ይህ ይፈታል።